ሰባ ሁለት ሰዓት በሔሌጽ

ሰኞ ሲመሽ ዘጋነው።
ሽራጋ ቫልቩን ይዞ፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ ጥሎ፣
እየቆጠረ አዞረው፣ «አሁን ያዘ፣ አሁን» ብሎ።
ሁለት ወር ሙሉ ዘይቱን ከጨው ውሃ ሲቀላቅል
የከረመ አሮጌ ጉድጓድ
ጸጥ አለ፣ የሚያለቅስ ልጅ ድንገት ጀርባ ላይ ሲታዘል።

ሺህ አምስት መቶ ሜትር ታች በሽቦ ያወረድነው
መለኪያ አለ፣ ክንድ የሚያህል፤ ከእንግዲህ ዓይናችን እሱ ነው።
የኔ ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሰባ ሁለት ሰዓት መንቃት፣
ታች የሚጠራቀመውን ግፊት ነጥብ በነጥብ መልቀም፣ መክተት።

የሌሊት ዘቡ ጋሽ አስረስ ካፖርቱን ደርቦ መጣ፤
«ልጄ፣ የቆመ ማሽን ደግሞ» አለኝ፣ «ምን ወሬ ሊያመጣ?»
«ሲፈስማ ማን ይሰማዋል፣ ጋሼ፤ ሁሉም ጫጫታ ነው፤
አፉ ሲዘጋ ነው እንጂ የሆዱ የሚታወቀው።»
ሳቀ። «እኛ ቤት እንኳ ሆድ ይፍጀው ነው የሚባለው።»
«ይፍጀው። ግን ስንት ይፍጀው? እሱን ነው የምለካው።»

ማክሰኞ ጧት መስመር ታየ፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ሽቅብ።
ኦሃድ ከአሽዶድ ቢሮ ደወለ፤ ድምፁ ያስታውቃል፣ ጠግቧል ሳይርብ፤
«ባለ ገንዘቦቹ ኀሙስ ይመጣሉ። ይህንኑ መስመር ውሰጂ፣
ብርቱ አለት ነው በዪ።»
«አለቱ አልተናገረም» አልኩት፤ «ይህ ገና ቧንቧው ነው እንጂ።»

ቀድሞ የሚያወራ ሁልጊዜ ለአፍ የቀረበው ነው፤
የጉድጓዱ አንገት፣ እዚያ የታሰረው ጋዝ ነው የሚንጫጫው።
አለት ሩቅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ተራውን ይጠብቃል፤
የቸኮለ ሰው ከቧንቧ ጋር ተጫውቶ ይሄዳል።

ረቡዕ ሌሊት መስመሩ ጎበጠ፤ ሩጫው ቀረ።
ጊዜውን በሎጋሪዝም ብዘረጋው
እንደገና ቀጥ ብሎ አደረ።
አሁን አለቱ ነው። ተዳፋቱ ለስላሳ፤ ማለትም
ዘይት በውስጡ ያልፋል፤ ንፉግ አይደለም።

ታዲያ ለምን እንዲህ በጭንቅ ይንጠባጠባል?
«ቆዳውን» አሰላሁ፦ ዘጠኝ። ይህን ያህል ጠባሳ!
የጉድጓዱን ዙሪያ የደፈነው የቁፋሮ ጭቃ ነው፤
የኛው እጅ፣ የኛው አበሳ።

ሽራጋ ወረቀቱን አየ። መነጽሩን ጠረገ። «እኔ ነኝ» አለኝ፣
«ጢሜ ጥቁር ሳለ። ጭቃውን ያከበድኩት እኔ ነኝ፤
ፈራሁ፤ እንዳይፈነዳብኝ።
ከዚያ 'ደካማ ነው' ብለን ጻፍን። በቀይ። ፈረምኩበት።»
ምን ይባላል? ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ ቀዳሁለት።

ኀሙስ ሊነጋ ሲል የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ከመስመሩ ወጡ፤
አቃናሁ፣ ሰረዝኩ፣ ደገምኩ፤
እንቢ አሉ፣ አልተቆጡም፣ ግን ወደ ላይ ገሰገሱ፣ አልመጡ።
ተዳፋቱ እጥፍ ሆኗል። ልክ እጥፍ።
እንግዲህ ግድግዳ አለ፤ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፣ ወደ ብርቱካኑ ማሳ፣
በማንም ካርታ ላይ የሌለ፣ ድሮ ተሰብሮ የተረሳ።
ለሒሳቡ ሲባል እንዲህ ይታሰባል፦
ከግድግዳው ማዶ መንታ ጉድጓድ አለ፤ የለም፣ ግን አለ ይባላል፤
ይኸኛው አንድ ሲጠጣ ያኛው እኩል ይጠጣል።

ለኦሃድ ሁሉንም ጻፍኩ፤ ለጋስነቱን፣ ጠባሳውን፣ ግድግዳውን።
መልስ አልሰጠም።
መስመሩንም እስከ መጨረሻው ሳብኩት፣ ማንም ጠብቆ እስከማያውቀው፣
ለዘላለም ተዘግቶ ቢቀር ግፊቱ እስከሚደርስበት፣
ቁጥሩን በእርሳስ፣ ቀስ ብዬ፣ ከጥጉ ጻፍኩት።

ጋሽ አስረስ ፈረቃው አልቆ አውቶቡስ ይጠብቅ ነበር፤ የየካቲት ቀይ አበባ
አጥሩ ሥር በቅሏል። «እህስ፣ ምን አለ?» አለኝ። «ብዙ አለ» አልኩ። «እሰይ፣
ሦስት ቀን ነው የፈጀበት። ሰው ይብሳል» ብሎ ገባ።

ቫልቩን ሊከፍት ሽራጋ ጎንበስ አለ፤
ጆሮው ብረቱ ላይ። ሩብ ዙር። ሌላ ሩብ። ከታች አንድ ነገር ተነፈሰ።
«ይቅርታ» አለ ዝግ ብሎ።
ክርኑ ነክቶኝ ይሁን፣
ለጉድጓዱ ይሁን፣
አልጠየቅኩም።